ከእሳት ከውኃ የተለየንበት ዓመት

እኔ ፈሪ ነኝ። የዚያን የለውጥ ዓመት ነገር ሌላ ሰው ቢጽፈው ስለ ሰልፉ፣ አደባባይ ላይ ስለተቃቀፉት ሰዎች፣ ከእስር ስለተፈቱት ልጆችና ስለ እናቶቻቸው እልልታ ይጽፍ ነበር። ያም እውነት ነው፤ እኔም እልል ብያለሁ። በውስጤ የቀረው ግን ፍርሃቱ ነው። ያኔ የምሠራው ደብረ ማርቆስ፣ አንድ መድኃኒት ቤት ውስጥ ነበር። ስልኬ በጠራ ቁጥር የያዝሁት ብልቃጥ ከእጄ ሊወድቅ ይደርስ ነበር። አሠሪዬ፣ ለሰው ማስታገሻ ከምትሸጪ ለራስሽ ዋጥ አድርጊ እያለች ትቀልድብኝ ነበር። ፈሪ ለእናቱ ይባላል፤ እኔም የፈራሁት ለእናቴ ነበር።

አባቴ የቀበሌ ሊቀ መንበር ነበር። ቤታችን ከይጁቤ ፈቀቅ ብላ በተቆረቆረች፣ ገበያዋ ቅዳሜ በሚውል ትንሽ ከተማ ውስጥ ነው። ሊቀ መንበር ሲባል ቦርጩ የገፋ፣ ጃኬቱ የማይወልቅ ሰው ከታያችሁ ተሳስታችኋል። አባቴ ቀጭንና ዝምተኛ ገበሬ ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይላል ተረቱ። አባቴ ሲሾምም አልበላም፤ የቤታችን ቆርቆሮ ዛገ እንጂ አልተቀየረም። ንጹሕ ነበር ማለቴ ግን አይደለም። ገንዘብ አልበላም፤ ሰው ግን አሳስሯል።

ለውጡ ከመምጣቱ በፊት፣ ወጣቶች መንገድ ይዘጉና ጎማ ያቃጥሉ በነበረበት ጊዜ፣ የጸጥታ ሰዎች ከላይ መጥተው አባቴን ፒካፕ መኪና ላይ ጭነው መንደሩን ዞሩ። ቀንደኛው ማነው አሉት። አባቴ በጣቱ አንድ በር አሳየ። የጎረቤታችን በር ነበር፤ በእኛና በእነሱ መካከል ያለው የግራዋ አጥር ብቻ ነው። የቤቱ ልጅ በዚያው ቀን ተጭኖ ሄደ። ቆላ ወዳለ አንድ ካምፕ ወሰዱት ተባለ እንጂ የት እንደገባ በቅጡ ያወቀ አልነበረም። የልጁ አባት ደግሞ የእድራችን ዳኛ ናቸው። አባቴን ለምን እንዲህ አደረግህ ብዬ ብዙ ጊዜ ጠይቄዋለሁ። እኔ ባላሳይ ሌላው ያሳይ ነበር፣ እኔንም አብረው ይጭኑኝ ነበር ይለኛል። ውሸት አይመስለኝም። የሚያናድደኝም ውሸት አለመሆኑ ነው።

ከዚያ ለውጡ መጣ። በጠላ ቤቱ ቴሌቪዥን የትናንቶቹ ሹማምንት ራሳቸው አጥፍተናል ሲሉ ሰማን፤ አገር ጉድ አለ። ላይ ያሉት ይቅርታ ጠይቀው ወንበራቸው ላይ ቀሩ። ታች ያለውን የኔን አባት ግን ምን እንደሚሆን የነገረው የለም። ቀበሌው ተቆለፈ፣ ማኅተሙን ሌላ ሰው ወሰደው፣ አባቴም ወደ እርሻው ተመለሰ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ ትናንት በየስብሰባው ያጨበጭቡለት የነበሩት ናቸው በበራችን ሲያልፉ ጮክ ብለው የሚሳደቡት። ወዲያው እስረኞች ተፈቱ። የዳኛው ልጅ የመጣ ዕለት ከተማው ሁሉ መንገድ ላይ ወጥቶ ተቀበለው። እኔ በአጥሩ ክፍተት አየሁት። ከስቷል፣ ጠቁሯል፤ ሰው ሲያናግረው ግራ ጆሮውን እያቀረበ ነው የሚያዳምጠው። ቀኙ ከእንግዲህ እንደማይሰማ ያወቅነው በኋላ ነው።

አባቴ አልደነገጠም። ደርግ ሲወድቅ እሱ ጎልማሳ ነበር፣ የገበሬ ማኅበሩ ጥበቃ። ጠመንጃውን አስረክቦ በሳምንቱ እድሩ ላይ እንደ ማንም ሰው ተቀመጠ፤ አንድም ሰው ክፉ አልተናገረውም። ስለዚህ መንግሥት ይሄዳል፣ ይመጣል፣ የሚኖረው እድር ነው ብሎ ያምን ነበር። እውነቱን ነው፣ የኖረው እድር ነው። የሳተው አንድ ነገር ነበር። ያኔ የወደቀው ከሩቅ የመጣ ሰው ትእዛዝ ነበር፤ አሁን ግን በር ያሳየው የራሱ ጣት ነው።

መጀመሪያ የመጣው ድንጋይ ነው። ጀምበር ስታዘቀዝቅ፣ ከብት ወደ ቤት በሚገባበት ሰዓት፣ ቆርቆሯችን ላይ ይወርድ ነበር። ማን እንደሚወረውር አይታወቅም። አንዱ ሲያርፍ እናቴ ታማትባለች፣ ቀጥሎ ምንም ሳይመጣ ሲቆይ ደግሞ ይበልጥ ትፈራለች። እኔ ከማርቆስ በየሳምንቱ መጨረሻ ስመጣ ከሚኒባሱ ወርጄ ወደ ቤት የምሄደው ነጠላዬን ተከናንቤ ነበር። የማን ልጅ እንደሆንሁ የማያውቅ ሰው በሌለበት ከተማ መከናነቡ ምን ይጠቅማል፤ ፈሪ ግን ይከናነባል።

ከድንጋዩ የባሰው ቀጥሎ መጣ። አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ እድሩ ተሰብስቦ ስም ሲጠራ የአባቴ ስም ታለፈ። አባቴ የተረሳ መስሎት እጁን አነሳ። ማንም ወደ እሱ አልዞረም። ከዚያ ዳኛው ተነሥተው፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ፣ ይህ ቤት ከእሳት ከውኃ ተለይቷል አሉ። ይህን ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬያለሁ፤ ሰው ላይ ሲወድቅ ግን አይቼ አላውቅም ነበር። እሳት ልትጭሩ ብትሄዱ አይሰጧችሁም። ውኃ ቢጠማችሁ አያጠጧችሁም። ደግ ዋላችሁ የሚላችሁ የለም። ብትሞቱ ጥሩምባው አይነፋም።

ጤፋችን ደርሶ ነበር። ለአጨዳው ደቦ ቢጠራም የመጣ የለም። አባቴ ብቻውን አጨደ፣ ግማሹን ዝናብ መታው። ወፍጮ ቤቱ እናቴን መልሶ ሰደዳት፤ እህሉን እኔ ተሸክሜ ማርቆስ ድረስ ወስጄ አስፈጭ ነበር። ቧንቧው ጋ ሴቶቹ እናቴን ሲያዩ ዝም ይሉና ጄሪካናቸውን ሰብስበው ገለል ይላሉ። አይሰድቧትም፣ አይገፏትም። ቢሰድቧት ይሻለኝ ነበር፤ ሰድቦ የሚያድር ሰው ይታረቃል።

እናቴ የልብ ሕመም ነበረባት። ክኒኗን እኔ ነኝ የማመጣላት። በዚያ ዓመት እግሯ ያብጥ፣ ትራስ ካልደራረበችም መተኛት ያቅታት ጀመር። ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ ብዙ እንደማትቆይ ነገረኝ። እሷ ግን ማንም ሳይነግራት አውቃለች። በዚያው ሰሞን በሌላ ቀበሌ እንደ አባቴ ከእድር የተለየ ሰው ሞቶ ልጆቹ በአህያ ጋሪ ወስደው እንደቀበሩት ወሬ መጣ። ቄስ ነበር፣ አልቃሽ አልነበረም አሉ። እናቴ ይህን የሰማች ቀን ምሳዋን ሳትበላ ዋለች። ሲመሽ አጠገቧ ጠራችኝ።

«ሞቱን አልፈራም» አለችኝ። «ሰው አጥቼ እንዳልቀበር ነው። ዕድሜ ልኬን የሰው ለቅሶ ደርሻለሁ፤ ልጄ፣ በጋሪ እንዳትወስዱኝ።»

አይዞሽ አልኋት። ከዚያ ወጥቼ ከበረቱ ጀርባ አለቀስሁ።

መፍትሔው የታወቀ ነው፤ አገሩ የሚያውቀው አንድ መንገድ አለ። የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ በተበዳዩ ፊት ይወድቃል። ተበዳዩ ድንጋዩን ከአንገቱ ላይ አንሥቶ ይቅር ለእግዚአብሔር ይላል። አለቀ። የንስሐ አባታችን መጥተው ይህንኑ አሉት። አባቴ እምቢ አለ። ደግመው መጡ፣ እምቢ አለ። እናቴ ለመነችው፤ ተነሥቶ ወደ በረቱ ሄደ። እኔ መቼም ምላሴ አያርፍም፤ ከሹመት ወርደህ ትዕቢቱ አልወርድ አለህ ወይ ብዬ በአባቴ ላይ ጮህሁበት። አልተቆጣኝም። እጁን አንገቱ ላይ አድርጎ ቆየና እንዲህ አለኝ፤

«ድንጋይ የተሸከመ ሰው የሚያየው መሬት ነው። ጠመንጃውን ማን እንዳነሣ አያይም።»

ለካ እሱም እንደኔ ፈሪ ነው። ወራት ሙሉ ትዕቢት ነው ብዬ የናቅሁት ፍርሃት ነበር። በዚያ ዓመት ደግሞ በገበያው ጠመንጃ ያልያዘ ጎረምሳ ማየት ብርቅ ሆኖ ነበር፤ የዳኛው ልጅም አንግቶ ነበር የሚዞረው። ከዚያ ቀን በኋላ እኔም በአባቴ አንገት ላይ ዓይኔን መጣል ጀመርሁ። ቀጭን ነው፣ ከኋላው የተሸበሸበ። ሲበላ፣ ጫማውን ሲያስር፣ ሲጸልይ አያለሁ። እናቴን ሰው እንዲቀብራት ያ አንገት ማጎንበስ አለበት፤ ካጎነበሰ ደግሞ ላይነሣ ይችላል። ለየትኛው እንደምጸልይ አላውቅም ነበር።

በመጨረሻ ያጎነበሰው እናቴ አንድ ጧት ድንጋይ ልታነሣ ስትታገል አይቷት ነው። ከአጥሩ ሥር ነበረች፣ ትንፋሿ ተቆራርጦ፣ እኔ እሸከምልሃለሁ እያለች። አባቴ ድንጋዩን ከእጇ ወሰደ። እሑድ እሄዳለሁ አለ።

እሑድ ሄድን። እድሩ የሚሰበሰበው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ወይራው ሥር ነው። እናቴ በከዘራ፣ እኔ ክንዷን ይዤ፣ አባቴ ከፊታችን። ሰዉ ሲያየን ወሬው ቆመ። አባቴ ድንጋዩን አንገቱ ላይ አደረገና አጎንብሶ መሄድ ጀመረ። እኔ የማየው የዳኛውን ልጅ ብቻ ነበር። ከወይራው ግንድ ጋር ቆሟል፤ ጠመንጃው ትከሻው ላይ ነው። እናቴ ክንዴን የጨበጠችበት ቦታ በኋላ ሳየው በልዞ ነበር። አባቴ ዳኛው እግር ሥር ሲደርስ ተንበረከከ፣ በድያለሁ፣ ማሩኝ አለ። የንስሐ አባታችን ስለ ማርያም አሉ፣ ስለ ጻድቃን አሉ። ዳኛው የተበደለው እኔ አይደለሁም ብለው ወደ ልጃቸው አመለከቱ።

ልጁ ቀስ ብሎ መጣ። አባቴ አጠገብ ቆመ። እጁ የጠመንጃውን ማንገቻ ሲያስተካክል የሆነ ሰው በስመ አብ አለ። ልጁ ግን አባቴን አላየውም። ወደ እናቴ ዞሮ፣ ግራ ጆሮውን ሳይሆን ሙሉ ፊቱን ሰጥቷት ተናገረ።

«እርስዎ በራችንን አላሳዩም። ስታሰር እናቴ ዘንድ መጥተው አልቅሰዋል፤ እርስዎን እቀብራለሁ። እሳቸውን አልገድልም። አልቀብርምም።»

የእድሩ ሽማግሌዎች ተጨነቁ። ይቅርታ ሲሰጥ እንዲህ ተከፍሎ አያውቅም። እድር ደግሞ በቤት ነው፤ አባወራው ተለይቶ ሚስቱ አትገባም። ሴት በራሷ ስም የምትጠራው ባሏ ሲሞት ብቻ ነው። አንዱ ይህን ሲል ሁሉም ተቀበለው። ዳኛው ትንሽ አሰቡና፣ እንግዲህ ባሏ እንደሞተባት ትግባ አሉ። መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ነበር። የሳቀ ሰው ግን አልነበረም። ዳኛው አጎንብሰው አባቴን ጠየቁት፤ ይህን ይቀበል እንደሆነ።

አባቴ ድንጋዩ አንገቱ ላይ እንዳለ መለሰ። «እሺ። ሞቻለሁ በሉ።»

ድንጋዩን ማንም አላነሣለትም። ራሱ አወረደው፣ ራሱ አቧራውን አራግፎ ተነሣ። በመመለሻችን ላይ አንዲት ሴት እናቴን እንደምን ዋልሽ አለቻት። እናቴ እንባዋ መጣ። እኔም አባቴ በሕይወት ቤት በመግባቱ ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽም። ደስታዬ እስከ ቀትር ብቻ ቆየ።

ከቀትር በኋላ የእድሩ ሴቶች መጡ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፤ ንፍሮ ይዘዋል። ሥርዓቱ ነዋ፤ ባል የሞተባት ሴት ለቅሶ ይደረሳታል። እየተራ እናቴን ሳሟት፣ እግዚአብሔር ያጥናሽ አሏት፣ ዙሪያዋን ተቀመጡ። አባቴ መደቡ ላይ ተቀምጧል፣ ከእነሱ አንድ ክንድ ርቀት። አላዩትም። አላዩትም ስል እንዳላዩ ሆኑ ማለቴ አይደለም፤ ዓይናቸው በእሱ ላይ ያልፍና ግድግዳው ላይ ያርፋል። ንፍሮው ሲታደል አባቴ እጁን ዘረጋ፤ ሳያስበው ይመስለኛል። ሳህኑ በእጁ ላይ አልፎ ወደኔ መጣ። እጁን መልሶ ጭኑ ላይ አስቀመጠው። አንዷ ሟቹ ዝምተኛ ሰው ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማር አለች። እኔን ድንጋይም ጠመንጃም የዚያን ያህል አላስፈራኝም። ክፋት ቢሆን ይገባኝ ነበር፤ እነሱ ግን እናቴን እየረዷት ነበር፣ ከልባቸው።

ከዚያ በኋላ ኑሯችን ቀለለ፤ ይህንም መካድ አልችልም። ወፍጮው ተከፈተልን። ቤተ ክርስቲያኑ፣ ገበያው፣ ቧንቧው ለእናቴ ተመለሱ። ድንጋዩም ቆመ፤ የሞተ ሰው አይወገርም። እናቴ ትንፋሽ ባገኘች ቀን፣ የኔ ሟች፣ እስቲ ተነሥና ጥጃዋን አስገባልኝ እያለች ታሾፍበት ነበር። እሱም ፈገግ ይልላታል። ግን እየቆየ ንግግሩ አነሰ። በር ላይ መቀመጥ ተወ። አንድ ቀን ላም ጠፍታበት ፍለጋ ወጥቶ፣ ያገኘውን ሰው ሁሉ ላሜን አያችሁ ወይ እያለ ሲጠይቅ የመለሰለት አልነበረም። ላሟ በራሷ መጣች። እሱ ከሄደበት የተመለሰው ከላሟ በኋላ ነው፣ ድምፁ ሰልሎ።

እናቴ በክረምቱ ሞተች። ገና ጎህ ሳይቀድ ጥሩምባው ተነፋ። ከተማው በጭቃው ውስጥ መጣ፣ ከገጠሩም መጡ። የዳኛው ልጅ ቃሉን ጠበቀ፤ ጉድጓዱን ከቆፈሩት አንዱ እሱ ነበር፣ ቃሬዛውንም ከፊት ተሸከመ። እናቴ እንደ ፈለገችው፣ በሰው መካከል ሄደች። ያን ቀን እግዚአብሔርን አመሰገንሁ። አባቴ ከሰዉ ኋላ ብቻውን፣ ዝናብ የመታውን ጋቢ ለብሶ መጣ። አርባ ዓመት አብራው የኖረችው ሚስቱ ናት የምትቀበረው፤ እግዚአብሔር ያጥናህ ያለው ግን የለም። ሙት ለሙት አያለቅስም መሰለኝ ሐሳባቸው።

ከዚያ ወዲህ ዓመታት ሄዱ። የለውጡ ዓመት ራሱ አሁን እንደ ተረት ነው የሚወራው፤ ሌላ ፍርሃት መጥቶበታል። መንገዱ ይዘጋል፣ ይከፈታል። ኔትወርክ ይጠፋል። ደጀን ላይ የቆመ አውቶብስ መቼ እንደሚነሣ የሚያውቅ የለም፤ ከማርቆስ እኛ ጋ ለመምጣት እንኳ ስንት ቀን እንደሚፈጅ አይታወቅም። አባቴ ብቻውን ቢሞት ብዬ ስለፈራሁ ሥራዬን ትቼ ቤት ገባሁ። አርጅቷል። ያስለዋል፤ ሳሉን ስሰማ ከእንቅልፌ እባንናለሁ። ዝም ሲል ደግሞ ተነሥቼ አፍንጫው ላይ እጄን አደርጋለሁ።

ባለፈው ሰሞን ሳሉ ሲጠናበት ነጠላዬን አጣፍቼ ዳኛው ቤት ሄድሁ። በዚያ የግራዋ አጥር በኩል ሳይሆን ዞሬ፣ በዋናው በር። እሳቸውም አርጅተዋል። ልጃቸው አሁን የት እንዳለ አይናገሩም፤ እኔም አልጠየቅሁ። በርጩማ አቀረቡልኝ፣ ጤናዬን ጠየቁኝ። አባቴ እንደደከመ፣ እድሩ እንዲያስብበት፣ ቢያንስ ጉድጓድ የሚቆፍርና ቃሬዛ የሚይዝ ሰው እንዲሰጠኝ ለመንኋቸው። እኔ አንዲት ሴት ነኝ፣ ብቻዬን አልችልም አልሁ። ድንጋይም ከሆነ እሸከማለሁ አልሁ። እስክጨርስ በትዕግሥት ሰሙኝ። ክፉ ሰው አይደሉም። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

«ልጄ» አሉኝ፣ «አባትሽን እኮ ቀብረናል።»

ወደ ቤት ተመለስሁ። አባቴ እራቱን ሳይበላ እየጠበቀኝ ነበር። የት ነበርሽ አለኝ፤ ሱቅ አልሁት። ማስታጠቢያውን አምጥቼ እጁን አስታጠብሁት። እጁ ይሞቅ ነበር።